አንድ ስፌት ያለው ልብስ

ሽርጥ ኪስ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ እጅጌም የለውም። ያለው አንድ ስፌት ነው። ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ይገዛል፣ ሁለቱ ጫፎች ይገጠማሉ፣ አለቀ። ለባሹ ውስጡ ገብቶ ይቆማል፤ ትርፉን ወደ ጎን ስቦ ያጥፈዋል፤ ከወገቡ ላይ ወደ ውጭ ይጠቀልለዋል። ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ የማያገለድም አባወራ ጥቂት ነው። ሙቀቱ ሌላ ልብስ አያስመኝም።

አሁን እጄ ላይ ያለው ሽርጥ የተሰፋው ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች አንዷ በሆነችው ዋሂል ነው። የሰፋችው ገና ስፌት የጀመረች ልጅ ናት፤ ለአባቷ። ጨርቁ ጥጥ ነው። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ነጭና ቡናማ መስመሮች ወደ ታችም ወደ ጎንም ያቋርጡታል። ክሩ ከመሸመኑ በፊት ስለተነከረ ውስጡና ውጩ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ነጩ ድር ሰማያዊውን ማግ የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ማንም ያልነከረው ውኃ ሰማያዊ ይታያል።

ስፌቱን ከውጭ በኩል በዓይኔ ፈለግሁት። አላገኘሁትም። በጣቴ ስዳስስ ነው ወፈር ያለው ቦታ የተሰማኝ።

ባለ መስመር ጨርቅ ሲገጠም ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ወደ ጎን የሚሄዱት መስመሮች ስፌቱን ተሻግረው በዚያው ከፍታ መቀጠል አለባቸው፤ ይህ ቀጥ ብሎ መቁረጥን ይጠይቃል። ወደ ታች የሚወርዱት ደግሞ ተራቸውን መጠበቅ አለባቸው፤ ከቡናማው ቀጥሎ ነጭ ከሆነ፣ ስፌቱም ላይ ከቡናማው ቀጥሎ ነጭ መምጣት አለበት። ይህኛው መቁጠርን ይጠይቃል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያስባል፣ ሁለተኛውን ይረሳል።

ልጅቷ ቆጥራለች። የዚህ ጨርቅ ንድፍ በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ይደገማል። 16 ጊዜ ሲደገም 192 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለአባቷ ወገብ ከነእጥፋቱ ይበቃል። ስፌቱ ራሱ 2.2 ሳንቲ ሜትር ይበላል። ስለዚህ ከሁለት ሜትሩ 194.2 ተለክቶ 5.8 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ወጣ። ለመቁረጫው መስመር ጠመኔ አልተጠቀመችም። አንድ የማግ ክር በመርፌ ጫፍ አንስታ ከዳር እስከ ዳር መዘዘችው። ክሩ ሲወጣ ጨርቁ ላይ ቀጭን ክፍተት ይቀራል። መቀሱ በዚያ ክፍተት ውስጥ ከሄደ ሊዛነፍ አይችልም። የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ከሽመናው ላይ ተዘግተው የመጡ ናቸው፤ መቀምቀም አያስፈልጋቸውም። ሽርጥን ባለ አንድ ስፌት የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከዚያ መግጠም ይመጣል። የልብስ ስፌት መኪና አንድ ጠባይ አላት። የታችኛውን ጨርቅ ከስር ያሉት ጥርሶች ይጎትቱታል። የላይኛውን ግን የብረቷ እግር ትጫነዋለች እንጂ አትጎትተውም። ስለዚህ የላይኛው በየስፌቱ ለዓይን የማይታይ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። የሽርጡ ቁመት የሆነው 116 ሳንቲ ሜትር ከተሄደ በኋላ የቀረው ተጠራቅሞ መስመሩን ያዛባል። ጀማሪ እጁ የጠመመ ይመስለዋል፤ ጥፋቱ ግን የእጁ አይደለም። መላው ቀድሞ መሸለል ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ስፒል ይሰካል፤ ቀጥሎ በረጃጅም የእጅ ስፌት ሁለቱ ጨርቆች ይያያዛሉ፤ ስፒሎቹ ይነቀላሉ። መኪናዋ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ውስጡን ገለበጥሁት። አንድም የተቆረጠ ጠርዝ አይታይም። ሁለቱ ጫፎች ሲገጠሙ ለአንዱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ለሌላው 16 ሚሊ ሜትር ተርፎላቸዋል። የመጀመሪያው ረድፍ ከተሰፋ በኋላ ከ16ቱ ላይ 7ቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። የቀረው 9 ሚሊ ሜትር አጭሩን ሸፍኖ ተኛ፤ በካውያ ተጨፈለቀ፤ በሁለተኛ ረድፍ ተሰፋ። የጂንስ ሱሪ እግር ላይ የሚታየው ጥንድ ስፌት በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው። ስፌቱ የሚውለው ከኋላ ወይም እጥፋቱ ውስጥ ነው፤ ሰው ተቀምጦበት፣ ተነሥቶበት፣ ታጥቦ ተጨምቆ ነው የሚኖረው። የተተወ ጠርዝ ቢኖር ክሩ እየተመዘዘ ያልቅ ነበር።

እያንዳንዱ ስፌት 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። በሳንቲ ሜትር አራት፣ በአንድ ረድፍ 464። የላይኛው ክርና የታችኛው ክር የሚቆላለፉት በጨርቁ ውፍረት መሃል ነው። አንዱ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ የሌላው ቋጠሮ እንደ ነጥብ ብቅ ይል ነበር። በሁለቱም ፊት ተመለከትሁ፤ ነጥብ የለም። ስህተት የምለው አንድ ነው፤ ከታች፣ የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ፣ ሁለተኛው ረድፍ ወደ እጥፋቱ ጠርዝ ጠጋ ብሏል። እዚያ ጋ ፈጥናለች።

መኪናዋ በየሰፈሩ የምትታየው የቢራቢሮ ምልክት ያለባት ጥቁር የቻይና መኪና ናት፤ ባለ ፔዳል። ልጅቷ በጨርቅ አልጀመረችም። እናቷ ክር ሳታስገባ ባለ መስመር የደብተር ወረቀት ከመርፌው ስር አስቀምጣ መስመሩን እንድትከተል አደረገቻት። መርፌው ከመስመሩ ሲወጣ ቀዳዳው ይናገራል፤ አስተማሪ መቆጣት አይጠበቅበትም። በዚያው እግር ይለማመዳል። ፔዳሉ በተሳሳተ ቅጽበት ከተረገጠ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ክሩም ይተበተባል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ መኪና ግርግር የተባለው በእነዚህ መኪኖች ድምፅ ነው። እዚያ የሚሰፉት እግሮች ሳያስቡ ይረግጣሉ። የዚህች ልጅ እግር ገና ያስባል፤ ስፌቱ እኩል የሆነውም ከፊሉ በዚህ ይመስለኛል።

አባትየው ሲለብሰው ብዙ አልተናገረም። ጠቅልሎ አጠበቀው፤ ቁጢጥ ብሎ ተነሣ፤ ጥቅሉ አልተፈታም። አያቷ ግን ጫፉን ይዘው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ መጨረሻዋ ስንዝር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ነገ ፈትተሽ ትሰፊዋለሽ» አሏት። «እሺ አያቴ» አለች። እኔ ባይፈታ እመርጥ ነበር፤ አልተጠየቅሁም።

አሮጌው ሽርጥ ከጓሮ፣ በአራት እንጨት ላይ ተወጥሮ ለቲማቲም ችግኝ ጥላ ሆኗል። የችግኝ መደቡ ወርድ አንድ ሜትር ነው፤ ከየትኛውም ጎን የተዘረጋ እጅ መሃሉ ይደርሳል። ጥላው ጠዋትና ማታ ይገፈፋል፤ ችግኙ ፀሐይ የሚለምደው በጥቂት በጥቂቱ ነው። አሮጌውን ስፌት እዚያው ቆሜ አየሁት። አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ነጩ መስመር ስፌቱ ላይ ደርሶ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይቀጥላል። ገበያ ላይ፣ ባለቤቱ ቆሞ እየጠበቀ የተሰፋ ነው። ልብስ ሰፊውን አልፈርድበትም፤ የመሸለያውን ጊዜ ማን ይከፍለዋል?

የተቆረጠችው 5.8 ሳንቲ ሜትርም አልተጣለችም። በቁመቷ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ እያንዳንዷ ደግሞ አራት ቦታ ተቆረጠች። 29 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ስምንት ማሰሪያዎች ወጡ። ቀደም ብለው የተተከሉትን ቲማቲሞች ከድጋፍ እንጨታቸው ጋር ያሰሩት እነሱ ናቸው። ሲባጎ ቀጭን ስለሆነ ግንዱ ሲወፍር ይቆርጠዋል፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጨርቅ አይቆርጥም። ማሰሪያው በግንዱና በእንጨቱ መሃል አንዴ ይጠላለፋል፤ ንፋስ ሲመጣ እንዳይፋተጉ። ቋጠሮው ከእንጨቱ በኩል ይሆናል፣ ግንዱን ለሚይዘው ቀለበት ደግሞ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ስድስቱ ሥራ ላይ ናቸው። ሁለቱ ተክሉ አንድ ስንዝር ሲጨምር ከመጀመሪያዎቹ በላይ ይታሰራሉ።