«በመጫን ላይ» እና «ስሕተት»፦ ሁለት የድረ ገጽ ስያሜዎች ሲመረመሩ

ወደ አማርኛ በተመለሱ ድረ ገጾችና የስልክ መተግበሪያዎች ላይ ሁለት ስያሜዎች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው፣ ገጹ ወይም ከገጹ ክፍሎች አንዱ መረጃ እስኪደርሰው የሚያሳየው «በመጫን ላይ» ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው ሳይፈጸም ሲቀር ብቅ የሚለው «ስሕተት» ነው። አማርኛነታቸው አያጠያይቅም፤ የሚያጠያይቀው ለተጠቃሚው የሚነግሩት ነገር ትክክል መሆኑ ነው።

አስቀድመን «መጫን»ን እንመልከት። «ጫነ» ከግእዙ «ጸዐነ» የመጣ ግሥ ሲሆን፣ ሸክምን በእንስሳ ወይም በተሽከርካሪ ላይ ማድረግን ያመለክታል። «ተጫነ» ደግሞ ከላይ ሆኖ ወደ ታች መግፋትን ጭምር ስለሚገልጽ «ቁልፉን ተጫን» እንላለን። የሁለቱ አርእስት በንግግር ይለያል፤ «ጫ» በመጀመሪያው ይላላል፣ በሁለተኛው ይጠብቃል። ፊደላችን ግን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ ሁለቱም «መጫን» ናቸው። ተርጓሚዎች ይህንኑ ቃል ፕሮግራምን በስልክ ላይ ለማኖርም ይጠቀሙበታል። በመሆኑም በአንድ ገጽ ላይ «ይህን በመጫን ይቀጥሉ» እና «በመጫን ላይ» ተከታትለው ሲቀርቡ፣ ሁለተኛው የመጠበቅ ማሳሰቢያ ይሁን የመንካት ትእዛዝ ከቃሉ መለየት ያዳግታል።

የችግሩ ምንጭ ጥሬ ትርጉም ነው። መረጃን ወደ ማኅደረ ትውስታ ማስገባት የመሐንዲሱ ጉዳይ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያየው የአንድ ነገር መምጣት ነው። ስለዚህ «ዝርዝሩ እየመጣ ነው» ማለት ይሻላል። ጄከብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ እስከ 1 ሰከንድ የሚደርስ መዘግየት የተጠቃሚውን ሐሳብ አያቋርጥም፤ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ግን ትኩረቱ ይበተናል። ለአጭሩ ቆይታ ቃል አያስፈልግም፤ ለረጅሙ ደግሞ ምን እንደሚጠበቅ የሚናገር ቃል ያስፈልጋል።

«ስሕተት» ከዚህ የከፋ ነው። ቃሉ የሳተ ሰው መኖሩን ያሳስባል፤ ከማያ ገጹ ፊት ያለው ሰው ደግሞ ተጠቃሚው ብቻ ነው። የድረ ገጽ መገናኛ ሥርዓት የሆነው ኤችቲቲፒ እንኳ ጉዳዩን ይለያል፦ ከ400 የሚጀምሩት ቁጥሮች እንከኑን ከጠያቂው ወገን፣ ከ500 የሚጀምሩት ከሰርቨሩ ወገን ያደርጉታል። ትርጉሙ ይህን ልዩነት ደፍጥጦታል።

ጉዳቱ በክፍያ ላይ ጎልቶ ይታያል። አንድ ሰው ገንዘብ ልኮ መልስ ሳያገኝ የጊዜው ገደብ ቢያልፍ፣ ትእዛዙ ተፈጽሞ መልሱ ብቻ በመንገድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ስሕተት፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚለው ጽሑፍ ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አድርጎ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍለው ይችላል። ትክክለኛው «መልስ አልደረሰም፤ ከመድገምዎ በፊት ሒሳብዎን ይመልከቱ» የሚለው ነው።

እርግጥ፣ አጭር ቃል በጠባብ ስፍራ ይመቻል፤ የለመደ ዓይንም በቀላሉ ያውቀዋል። ነገር ግን አማርኛ ከጥንትም አጫጭር ቃላት አላጣም፦ በቅጽ አሞላል ለሚገኝ ጉድለት «ግድፈት»፣ ለሰርቨር «ብልሽት»፣ ለመስመር «መቋረጥ»፣ ለታጣ ገጽ «አልተገኘም» አሉን። «ስሕተት» ለሁሉም የወል ስም ሆኖ በሙያው መዝገበ ቃላት ይቆይ፤ «መጫን»ም ፕሮግራምን ለማኖር ይወሰን። ወደፊት ስያሜ ሲወጣ፣ ቃሉ ከእንግሊዝኛው ጋር ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚው በሚያነብበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ቢፈተን እንዲህ ያለው መደናገር ይቀንሳል።