አዝራሩና ሕጉ፤ ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት አሰጣጥ የቀረበ ሂስ

ስለ ትምህርት በሚጻፉ ዘገባዎችና በስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ «ከቴክኖሎጂ ዕድገት ጋር እኩል መራመድ» የሚለው ሐረግ በየገጹ ይገኛል። ከመደጋገሙም የተነሣ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የጠፋ ይመስላል። ሐረጉ ሲመረመር ግን አንድ ያልተነገረ እምነት አዝሎ ይገኛል፤ ይኸውም ቴክኖሎጂ በአንድ ጎዳና ፊት ፊት የሚሄድ መንገደኛ እንደሆነና የትምህርት ቤቱም ተግባር ከኋላው ሮጦ መድረስ እንደሆነ ነው። ይህ እምነት የሚያስከትለው ጉዳት በትልልቅ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ላይ ያን ያህል ጎልቶ ላይታይ ይችላል። በወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት ላይ ግን በግልጽ ይታያል።

የምሥራቅ ጎጃሟ አምበር ለዚህ በምሳሌነት ልትወሰድ ትችላለች። የአነደድ ወረዳ ማእከል የሆነችው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ስለሆነች ከዓለም ተገልላለች አይባልም። ሆኖም እንዲህ ባለች ከተማ አንድ አዲስ ሶፍትዌር ወይም የድረ ገጽ መሥሪያ በመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ፣ መምህሩ ሠልጥኖበት፣ መሣሪያው ተገዝቶ ክፍል እስኪገባ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ሩጫው ሳይጀመር የተሸነፈ ነው። ስለዚህ «እንዴት ይፈጠናል?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ከሚመጣው አዲስ ነገር ውስጥ ሰንብቶ የሚቆየው የትኛው ነው?» የሚለው ሊቀድም ይገባዋል።

የቅርብ ጊዜውን ታሪክ ማስታወስ ለዚህ ይበቃል። ድረ ገጽ ለመሥራት አንድ ጊዜ ስሙ የገነነው ፍሮንትፔጅ በባለቤቱ በማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋርጧል። ተንቀሳቃሽ ሥዕልና የትምህርት ጨዋታ ይሠራበት የነበረው ፍላሽ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ አብቅቷል፤ በእርሱ የተዘጋጀውም ትምህርት አብሮት ጨልሟል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ከአገልግሎት ተሰናብቷል። በአንጻሩ ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው የመጀመሪያው ድረ ገጽ የተጻፈበት ኤችቲኤምኤል እየሰፋ ሄደ እንጂ አልተሻረም። ርእስን፣ አንቀጽንና ማያያዣን የሚያመለክቱት መሠረታዊ ምልክቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለው ዛሬም በስልክም በኮምፒዩተርም ይነበባሉ። የመሥሪያው አዝራር ያልፋል፤ መሥሪያው የታዘዘበት ሕግ ይሰነብታል። በብዙ አጫጭር ኮርሶች የሚሰጠው ትምህርት ግን «ይህን ክፈት፣ ያን ምረጥ፣ እዚህ ጫን» የሚል ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር እንደገና መሃይም ይሆናል።

ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚገለጸው በራሱ በግዕዝ ፊደል ታሪክ ነው። ኢንጅነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ችግር ለላቲን ፊደል በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑ ሆሄያትን ማስገባት ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ያው ችግር ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ለላቲን ፊደል የተመደቡትን 256 ስፍራዎች በመውረስ፣ የ«ኤ» ወይም የ«ቢ» ስፍራ ላይ የግዕዝን ቅርጽ ሥለው አስቀመጡ። አልበቃ ሲልም ሆሄያቱን በሁለትና በሦስት ፎንቶች ከፋፈሉ፤ ወይም አንዱን ሆሄ ከቁርጥራጭ እየገጣጠሙ ጻፉ። ይህ በጊዜው ብልኀት ነበር፤ ብዙ ጋዜጣና መጽሐፍም የታተመው በዚህ ዘዴ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ጽሑፉ በዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ለኮምፒዩተሩ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱ በሌለበት መሣሪያ ሲከፈት የአማርኛው ደብዳቤ ማንም ሊያነበው የማይችል የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል። ቃል ቢፈለግበት አይገኝም፤ ስም ዝርዝር በሀ ሁ ተራ ይደርደር ቢባል አይደረደርም።

መፍትሔው ከመጣ ቆይቷል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ የሆነ፣ ከማንም ጋር የማይጋራው ቁጥር ተሰጠው፤ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ስፍራ ስለ ተመደበለት ለ በ4616፣ ሐ በ4624፣ መ በ4632 ይጀምራሉ። የፊደል ገበታን የሚያውቅ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይህን ሰንጠረዥ በመደመር ብቻ ራሱ ሊሞላው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ የእጅ ስልኮችም ተከተሉ። የአገር ውስጥ የአማርኛ መጻፊያዎችም በኋለኞቹ እትሞቻቸው ወደ ዩኒኮድ ዞረዋል።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ትምህርት ላይ ከደረሱት አዳዲስ የመረጃ ቴክኖሎጂዎች ሁሉ ዘላቂው ይህ ሆኖ ሳለ፣ ያለ አዋጅና ያለ ሥልጠና አልፏል። በዚያው ዘመን በታላቅ ድምፅ የመጣው ሌላ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ ትምህርቶች በሳተላይት እየተላለፉ፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መሰጠት ጀመሩ። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል የቴሌቪዥኑ ነበር፤ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ብቻ ቀረለት። መብራት በጠፋ ወይም ሥርጭቱ በተቋረጠ ጊዜ ትምህርቱ ያልፋል፤ የሚመልሰው የለም። ተማሪው ካልገባው ቴሌቪዥኑን አቁሞ መጠየቅ አይችልም። ፕላዝማው መራቆትን ለመሸፈን የታሰበ በጎ አሳብ እንደነበረ አይካድም፤ ብቁ የሳይንስ መምህር ባልነበረበት ክፍል የፊዚክስ ሙከራን በዓይን ማሳየቱም ዋጋ ነበረው። ይሁን እንጂ የሚቆጠር፣ የሚመረቅና ፎቶግራፍ የሚነሣ ዕቃ ስለ ነበረ የሪፖርት ሲሳይ ሆነ። ዩኒኮድ አይመረቅም። ቁጥር ነውና።

ዛሬም ይኸው ዝንባሌ አልቀረም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር፣ የፕሮግራም አጻጻፍን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን፣ የመረጃ ትንተናንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት ያቀርባል። ትምህርቶቹ ከአዝራር አልፈው ወደ ሕግ የሚገቡ ስለሆኑ የተሻሉ ናቸው። ለሂስ የሚዳረገው አፈጻጸማቸው የሚለካበት መንገድ ነው፤ ምስክር ወረቀት በመቁጠር ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ በፕላዝማው ጊዜ ከተቆጠረው የቴሌቪዥን ብዛት የተለየ ነገር አይናገርም። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ቢሆን ተማሪው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የአገሩ ጉዳይ አለ። በተለመደው የኢንተርኔት አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎችም አማርኛን ከእንግሊዝኛው ይልቅ በጣም አድቅቀው ይቆራርጡታል። መሣሪያው በአማርኛ ለምን እንደሚደክም የሚያስረዳው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሆሄ ቁጥርን ያልተማረ ተማሪ ግን ምክንያቱን ሊረዳ አይችልም፤ ወይ ያደንቃል፣ ወይ ያማርራል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ ደግሞ ነገሩን ከንድፈ አሳብ አውጥቶታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በዚያ ጊዜ፣ በመስመር ላይ ብቻ የሚሰጥ ማናቸውም ትምህርት ለክልሉ ልጆች እንደሌለ ሆኖ ነበር። ኤችቲኤምኤልን ለመማር ግን ኢንተርኔት አያስፈልግም። በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ በሚገኝ ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ተጽፎ፣ በዚያው ኮምፒዩተር ብራውዘር ይከፈታል። ጥቁር ሰሌዳ ላይም ይጻፋል። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ለአርባ ተማሪ ቢደርስ እንኳ፣ እያንዳንዱ ልጅ ገጹን በደብተሩ ጽፎ ተራው ሲደርስ ሊሞክረው ይችላል። በእርግጥ መሣሪያ ሳይነኩ የሚማሩት የኮምፒዩተር ትምህርት ወንዝ ሳይገቡ እንደሚማሩት ዋና ነው፤ ደብተሩ የመሣሪያውን እጥረት ያቃልል እንደሆነ እንጂ አይተካውም።

ይህን መንገድ ባዕድ የሚያደርገው ነገር የለም። የዋሸራና የጎንጅ ስም በሚጠራበት በጎጃም ምድር የቅኔ ተማሪ የሚሠለጥነው በዚህ ዓይነት ነው። ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል፤ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለሆነ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ነገር እንዲፈጥር ይገደዳል፤ የሚፈጥረውም ሕጉን ስላወቀ ነው። ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አይሄድም። የቅኔው ሕግ በጉባኤው የጸና ሲሆን የኮምፒዩተሩን ሕግ የሚያወጡት ሩቅ ያሉ ኩባንያዎችና ኮሚቴዎች ናቸው፤ ተማሪውም በአመዛኙ በባዕድ ቋንቋ ያነበዋል።

ከዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ የሚፈልግ ወጣት የሚጠየቀው ዎርድና ኤክሴል መቻሉን ነው፤ ስለ ሆሄ ቁጥር የሚጠይቀው ቀጣሪ የለም። ተቃውሞው እውነት ነው። አዝራሩን ማስተማር ይቅር የሚል አስተያየትም የወላጅንና የልጁን ችግር የዘነጋ ይሆናል። ነገር ግን ያው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በሌላ መሣሪያ ተጽፎ የመጣለት ደብዳቤ ዝብርቅ ሆኖ ሲከፈትበት ከመነሻው እንደገና ለመተየብ የሚገደደው ምክንያቱን ስለማያውቅ ነው። የሚባክነው ጉልበት የእርሱ ነው፤ ገንዘቡም የባለ ጉዳዩ።

በፈተና ወረቀት ላይ ሊደረግ የሚችለው ለውጥ ትንሽ ነው። ሰነድን ለማስቀመጥ የትኛው አዝራር ይጫናል ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ በአንዱ ኮምፒዩተር አማርኛ ሆኖ የታየ ጽሑፍ በሌላው ለምን ላቲን እንደሚሆን አስረዳ የሚል ጥያቄ ቢጨመር መምህሩም ተማሪውም ለመልሱ ይዘጋጃሉ። በየትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በአሮጌ ፎንት የተተየቡ የፈተናና የተማሪ መዝገብ ፋይሎች ካሉም፣ እነዚህን ወደ ዩኒኮድ ማዞር የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተግባር ሥራ ሊሆን ይችላል። የመለወጫ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ሥራው ግን በእነርሱ ብቻ አያልቅም። አራት ነጥቡና ቁጥሮቹ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሆሄያትም በመለወጥ ጊዜ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ እያንዳንዱ ገጽ በሰው ዓይን መነበብ አለበት። የተማሪ ስም የያዘ መዝገብ በኃላፊው ፊት ብቻ ሊከፈት ይገባል፤ የቀረውን ንባብ የኮምፒዩተር መምህሩ ከአማርኛ መምህሩ ጋር ሊካፈለው ይችላል።