«ቀለበቱን ያዘው» ወይስ «ቀለበቱ ያዘው»፦ የባለቤትነት ሰዋስውና የአስማታዊ ዕቃ ፈተና

እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1955 በታተመው የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ዙሪያ ሐያስያንን ያከራከረ ጥያቄ አለ። ቀለበቱ ሰውን የሚያበላሸው በውስጡ የነበረውን ምኞት ቀስቅሶ ነው ወይስ የራሱ ፈቃድ ኖሮት ከውጭ እየተጫነው? ቶም ሺፒ ልቦለዱ ሁለቱንም እሳቤዎች ጎን ለጎን እንደያዘ አሳይቷል።

አማርኛ ለዚህ ክርክር የራሱ አስተዋፅኦ አለው። በፈረንሳይኛ የባለንብረትነት ዐረፍተ ነገር ግሡ ከባለንብረቱ ጋር ይስማማል። በአማርኛ ግን «ላም አለችው» ሲባል ግሡ በጾታ የሚስማማው ከላሚቱ ጋር ነው፤ ሰውዬው በተሳቢ ቅጥያ ብቻ ይወከላል። በስምምነት መለኪያ ከታየ፣ «ቀለበት አለው» በሚለውም ሰዋስዋዊው «ባለቤት» ቀለበቱ ነው። «ቀለበቱን ያዘው» እና «ቀለበቱ ያዘው» ደግሞ በ«-ን» ብቻ ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ከ«ዛር ያዘው» እና ከ«ሱስ ያዘው» ጋር ይሰለፋል። ይህ የተናጋሪውን የዓለም አመለካከት አያረጋግጥም። ለተርጓሚው ግን ዝግጁ መሣሪያ ነው።

በአንጻሩ «አስማታዊ ቀለበት» የሚለው የተለመደ አቻ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። በብራና ክታብ ላይ ኅቡዕ ስሞች ይጻፋሉ፤ የባለቤቱም የክርስትና ስም ይገባበታል። ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም የተተካባቸው ቅጂዎች ይገኛሉ። ስለዚህ የክታብ ኃይል በስም ከታወቀ ሰው ጋር የተቆራኘ ነው።

የቶልኪን ቀለበትም ጽሑፍ አለበት፤ የተሸካሚው ስም ግን አይገኝበትም። እንዲያውም ለረጅም ዘመን የያዘው ስሚጎል ስሙን አጥቶ፣ በጉሮሮው በሚያሰማው ድምፅ «ጎለም» ተብሎ ይጠራል። ክታብ የባለቤቱን ስም መዝግቦ ሊጠብቀው ይሠራል፤ ቀለበቱ ያንኑ ስም ይነጥቃል። ሁለቱን በአንድ «አስማታዊ» መጥራት ይህን ተቃርኖ ይሸፍነዋል። ስለሆነም የቀለበቱን ባሕርይ በቅጽል ከመሰየም ይልቅ በግሥ ማሳየት ይመረጣል።

የምርጫው ክብደት ጎልቶ የሚታየው በልቦለዱ መደምደሚያ ላይ ነው። ፍሮዶ በእሳቱ አፋፍ ቆሞ ቀለበቱን አልጥልም ሲል፣ ትዕይንቱን በአማርኛ የሚተርክ ሰው «-ን»ን ማስገባት ወይም መተው ይኖርበታል። ካስገባት ጥፋቱ የፍሮዶ ፈቃድ ይሆናል፤ ከተዋት ደግሞ የቀለበቱ። ሺፒ ሁለቱንም ያገኘበትን ልቦለድ ለአንዱ ወገን ብቻ ላለመስጠት፣ ተርጓሚው ሁለቱንም ግንባታዎች በታሪኩ ሂደት እያፈራረቀ ሊጠቀምባቸው ይገባል።