«ሻል» እና «የለበትም»፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ረዳት ግስ አተረጓጐም

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ደንቦች ውስጥ «ሻል» የተባለው ረዳት ግስ በገባበት ሁሉ «አለበት»፣ አሉታው በገባበት ሁሉ ደግሞ «የለበትም» ተብሎ ሲተረጐም እናያለን። ልማዱ ለተርጓሚው ሥራ ያቀላል፤ የሕጉን ቃል ግን ያደበዝዛል።

እንግሊዝኛው ግስ ራሱ ባለ ብዙ ፍች ነው። አንዳንዴ ግዴታ ይጥላል፤ አንዳንዴ አንድን ነገር ይደነግጋል፤ አንዳንዴም የወደፊት ጊዜን ብቻ ያመለክታል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ግዴታን በ«መስት» መግለጽን የመረጠውም አሻሚነቱን ለማስወገድ ነው።

ነገሩን በመንዝ ምሳሌ እንመርምር። የመንዝ ጓሳ «ቄሮ» በተባለ የአካባቢው ሥርዐት ለረጅም ዘመን ሲጠበቅ ኖሯል። ሣር የሚታጨድበትና ከብት የሚሰማራበት ጊዜ የተወሰነ ነበር። ሥርዐቱ ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሟል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ምድር በእንግሊዝኛ የተረቀቀ ደንብ «በዝግ ጊዜ ማንም ሰው ሣር ማጨድ የለበትም» ተብሎ ተተረጐመ እንበል። በዕለት ንግግር ክልከላ መሆኑ አይጠፋንም። ነገር ግን «ዕዳ የለበትም» ማለት ዕዳ አልተጣለበትም ማለት እንደ ሆነ ሁሉ፣ «ማጨድ የለበትም»ም «የማጨድ ግዴታ የለበትም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ክርክር በተነሣ ጊዜ አጫጁም ጠባቂውም አንዱን ዐረፍተ ነገር ይጠቅሳሉ። «ጓሳው ዝግ መሆን አለበት» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ገና አልተዘጋም ያሰኛል እንጂ መዘጋቱን አያውጅም።

አማርኛ ለዚህ የራሱ መሣሪያ አለው። ለክልከላ «ማጨድ ክልክል ነው» ወይም «አይታጨድም»፣ ለድንጋጌ «ዝግ ነው»፣ ለፈቃድ «ማጨድ ይችላል»፣ ለቅጣት «ይቀጣል» ማለት ይበቃል። «ይቀጣ» የዳኛ ትእዛዝ ነው፤ «ይቀጣል» ግን ረዳት ግስ ሳይሻ ሕግ ይሆናል። «አለበት»ም ቦታ አለው፤ ግዴታው በታወቀ ሰው ላይ ሲጣል፣ «ጠባቂው ማስታወቅ አለበት» እንደሚባለው።

በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ ሕግ በሁለቱ ቋንቋዎች ቢለያይ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። እንግዲያውስ ለዳኛው መመሪያ የሚሆነው «ሻል» ሳይሆን ተርጓሚው በእርሱ ፈንታ ያኖረው ግስ ነው። ተርጓሚው አስቀድሞ «ይህ ግስ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ፤ አማርኛውን ከዚያ በኋላ ይምረጥ።