እርሳሱ ይቆይ

መስከረም ላይ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ዜሮ ክፍል ስረከብ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርሳስ አላስይዝም። ወላጆች ይህን አይወዱልኝም። ደብተር ገዝተው፣ ሸፍነው የላኩት ልጅ ምንም ሳይጽፍ ሲመለስ «መምህርቷ ምን ሠርታ ትውላለች?» ይላሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግን እርሳስ የታደለ ዕለት ክፍሉ እዚያው ለሁለት ይከፈላል። በአማራ ክልል በምትገኘው አዘና ከተማ ኬጂ ጀምሮ ክፍያው ስለከበደ ወደ እኛ የተዛወረው ልጅ በሦስት ጣቱ ይዞ ስሙን ይጽፋል። ከዙሪያው ቀበሌ የመጣው እንደ እረኛ ዱላ ጨብጦት ጎረቤቱን ያያል። ጎረቤቱ ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ስጠይቀው አንገቱን ይደፋል፤ አንገት መድፋቱም እስከ ጥር የሚዘልቅ አለ።

ዜሮ ክፍል የመጣው ይህን ልዩነት ለማጥበብ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ እስኪወጣ ድረስ ቅድመ መደበኛ ትምህርት በአብዛኛው የከተማና የከፋይ ነበር። የኢትዮጵያ ሕፃናትን ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት፣ ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ አፀደ ሕፃናት ሲገቡ ከገጠር የገባው እጅግ ጥቂት እንደነበር መዝግቧል። አሁን የገጠሩ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቦታ አገኘ። ያገኘው ግን አንድ ዓመት ነው፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ሦስት ዓመት የተማረ ሊሆን ይችላል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ክፍሉና መምህሩ እስኪሟላ ግን በብዙ ቦታ ያው አንዱ ዓመት ነው።

ስለዚህ ከእርሳሱ በፊት ጠጠር አስይዛለሁ። ጥጃ ሲጠብቅ የኖረ ልጅ ከከብቶቹ መካከል የጎደለችውን በመልኳ ያውቃታል፤ መቁጠር አያስፈልገውም። እኔ ደግሞ እንዲቆጥር እፈልጋለሁ። ለእያንዳንዷ ላም አንድ ጠጠር እናስቀምጣለን፤ ላሟ ከመስክ ስትገባ ጠጠሯ ትነሳለች። የቀረው ጠጠር ምንድን ነው? እረኛው «ያልገባችዋ ናት!» ብሎ ይጮሃል። እስከ መቶ ሳይሳሳት የሚወርደው የኬጂ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይደናገራል፤ መቀነስን ከእረኛው ይማራል። ቅልቦሽ ሲጫወቱም እንዲሁ ነው፤ ጠጠር ወርውሮ የሚቀልብ እጅ እርሳስ ለመያዝ ሩቅ አይደለም። በቆሎ፣ ባቄላና የበርበሬ ፍሬ ቀላቅዬ በጣት ማስለቀምም ለዚሁ ነው።

ከገጠር የሚመጡት ሁሉ ፊደል አያውቁም ማለት አይደለም። ቄስ ትምህርት ቤት የቆዩ አሉ፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሀ ሁን በዜማ ያዘልቁታል፤ ከመሐል «ሙ»ን አውጣ ሲባሉ ግን ከመጀመሪያው መነሣት ግድ ይሆንባቸዋል። ቄስ ትምህርት ቤቱን የደሃ ኬጂ እለዋለሁ፤ ንቄው አይደለም፤ በርካታ ሰው ማንበብ የጀመረው በዚያ ነውና። እነዚህን ልጆች ዜማውን እንዲያስጀምሩ አደርጋለሁ። ቤታቸው አገውኛ የሚነገርባቸው ደግሞ ተረቱን በአገውኛ ይነግሩናል፤ አማርኛው በኋላ ይደርሳል። ከከተማ የመጡት «ቲቸር» ይሉኛል፣ ሌሎቹ «እትዬ»። ለሁለቱም አቤት እላለሁ።

በጨዋታ የማይፈታው ረሃቡ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን ገሚሱ ክፍል ይዝላል፤ ቁርስ በልቶ የመጣውና ጠዋት በባዶ ሆዱ ረጅም መንገድ የተጓዘው ያኔ ይለያሉ። ከባዱን ነገር ከአራት ሰዓት በፊት እጨርስና ከዚያ በኋላ መዝሙርና ተረት አደርጋለሁ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ያኔ ከክልሎች ሁሉ የከፋው ነበር፤ የአገሪቱ 38 በመቶ ነበር። ይህ እህል በማያበቅል አገር ቢሆን ይገባን ነበር። የእኛ አካባቢ በቆሎም በርበሬም ያመርታል፤ እንቁላሉና ቅቤው ግን ገበያ ይወጣል፣ ሕፃኑ የበቆሎ ገንፎ ይበላል። መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ትኩረቱን ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ላይ አድርጓል፤ ትክክል ነው። ልጁ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ስድስት ዓመቱ ነው።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ዜሮ ክፍልም አብሮ ይዘጋል። አቅም ያለው ልጁን ዘመድ ወዳለበት ከተማ ይልካል። የሌለው ልጅ ከብቶቹ ጋር ይውላል፤ ጥበቡ አይጠፋውም፣ ዓመቱ ግን አይመለስም።

ሰኔ ላይ ክፍሉን ለአንደኛ ክፍል መምህር ሳስረክብ የምጠየቀው «ስንቱ ፊደል ለየ?» ነው። ቁጥሩን እሰጣለሁ፤ ከአንዳንዱ ስም ጎን ደግሞ ሌላ ነገር እጽፋለሁ። «ጠዋት ጠዋት ጠይቀው።» «በአገውኛ ካስጀመርከው ይናገራል።» «መቀነስ ያውቃል፣ ምልክቱን ግን አያውቀውም።» በተጨናነቀ ክፍል ፊት የቆመ መምህር ይህን ሁሉ ያነበዋል ወይ? የማያነበው ይበዛል። ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ይሄኛው ልጅ የቱ ነው?» ያለኝም አለ፤ ወስጄ አሳየሁት።