የልደት ግንድ በአንዶራ፤ ስለ ዡዋን አማዴስ የልማድ መዝገብ የቀረበ ሒስ

ዡዋን አማዴስ (1890–1959 እ.ኤ.አ.) በባርሴሎና ተወልዶ፥ ትምህርቱን ይልቁንም በራሱ ጥረት አግኝቶ፥ የካታላንን ሕዝብ ልማድ፥ ተረትና ዘፈን ሲሰበስብ ዕድሜውን የፈጸመ ሰው ነበር። ከሥራዎቹ ዋነኛው «ኮስቱማሪ ካታላ» የተባለው፥ ከ1950 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በአምስት ታላላቅ ቅጾች የታተመው መዝገብ ነው። መጽሐፉ የዓመቱን በዓላት እንደየወራታቸው ተከትሎ ይተርካል። በዚያ ዘመን የፍራንኮ መንግሥት የካታላንን ቋንቋ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ አግዶት ስለ ነበር፥ ይህን የሚያህል ሥራ በዚያው ቋንቋ መታተሙ ብቻውን ምስጋና የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ የደራሲው ድካም የተከበረ መኾኑ አሠራሩን ከመመርመር አያድነውም። ለምርመራውም «ቲዮ» የሚባለው የልደት ግንድ ጥሩ ምሳሌ ይኾናል።

ልማዱ ከሚጠበቅባቸው አገሮች አንዷ በፒሬኔ ተራሮች መካከል፥ በፈረንሳይና በእስጳንያ ወሰን የምትገኘው አንዶራ ናት። ስፋቷ 468 ኪሎ ሜትር ካሬ፥ የመንግሥት ቋንቋዋም ካታላን ነው። በዓሉ ሲቃረብ አንድ ግንድ ወደ ቤት ይገባል፤ እንዳይበርደው ብርድ ልብስ ይደረብለታል፤ ልጆችም ማታ ማታ ምግብ ያቀርቡለታል። በልደት ዋዜማ ወይም በዕለቱ ልጆቹ እየዘፈኑ በዱላ ይመቱታል፤ ብርድ ልብሱ ሲገለጥም ጣፋጭና ትንንሽ ስጦታ ከሥሩ ይገኛል። የዘፈኑ ቃል ግንዱ እንዲጸዳዳ የሚያዝ ስለ ኾነ እንግዳ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል፤ ባለአገሩ ግን ይሥቃል እንጂ አያፍርበትም።

አማዴስ እንዲህ ያለውን ልማድ ሲተረጕም ከክርስትና በፊት ወደ ነበረው ጥንታዊ እምነት ለመመለስ ያዘነብላል። በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው ስለ ማስረጃው ነው። መዝገቡ ነገሩን ማን እንደ ተናገረ፥ በየትኛው መንደርና በየትኛው ዓመት እንደ ታየ ብዙ ጊዜ አይገልጽም። በብዙ መቶ ዓመታት የተራራቁ ሁለት ነገሮችን ለማገናኘት ግን መመሳሰል ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የመነሻው ታሪክ እውነት ቢኾን እንኳ ዛሬ የሚታየውን ግንድ አያስረዳም። ቀድሞ ግንዱ በምድጃ የሚነድ ነበር፤ በጎረቤት በአራጎን ሸለቆዎችም ወይን እየፈሰሰበት ይመረቅ ነበር። ምድጃው ከቤት እየጠፋ ሲሄድ ግንዱ ቀረ፤ እሳቱ ግን ቀረበት። በፈንታውም ሁለት እግር፥ የተሣለ ፊትና ቀይ ቆብ ተጨመረለት። አንዶራም ራሷ ተለውጣለች። ከእስጳንያ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ በ1913፥ ከፈረንሳይ ጋር የሚያገናኛትም በ1933 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ የእረኞችና የትንባሆ ገበሬዎች አገር የነበረችው የነጋዴና የጎብኚ አገር ኾነች። ዛሬ ከነዋሪዎቿ መካከል የአገሩ ዜግነት ያላቸው ከግማሽ በታች ናቸው። ከፖርቱጋል የመጣ ሠራተኛ ልጅ ዘፈኑን በትምህርት ቤት ተምሮ ከጓደኞቹ ጋር ግንዱን ይመታል። ይህ ልጅ ከአያቶቹ የወረሰው የአንዶራ ምድጃ የለም፤ ነገር ግን ዱላውን ሲያነሣ ከማኅበሩ አንዱ ይኾናል።

አማዴስ ከእርሱ በኋላ የኾነውን ባለመጻፉ ሊወቀስ አይገባም የሚል ይኖራል፤ አባባሉም ትክክል ነው። ነገር ግን መንገዶቹ መዝገቡ ከመታተሙ አስቀድሞ ተከፍተዋል፤ ለውጡም በእርሱ ዘመን ጀምሯል። ስሕተቱ መጪውን አለማየቱ ሳይኾን፥ የልማድን ትርጕም በመነሻው ብቻ መፈለጉ ነው። እንዲህ ያለ አተረጓጐም ለውጥን ዅሉ እንደ መበላሸት ማስቈጠሩ አይቀርም።

መጽሐፉን ብቻ መሪ አድርጎ የልደትን በዓል በአንዶራ የሚያሳልፍ ተመራማሪ የጥንቱን ምድጃ ፈልጎ ያጣዋል፤ ልማዱም ሞተ ብሎ ይጽፋል፤ ከግድግዳው ማዶ ግን ልጆች እየዘፈኑ ግንዱን ይመታሉ። የአማዴስ መዝገብ ብዙ ነገር ከመረሳት ያዳነ ጎተራ ኾኖ ይኖራል። ከዚያ የሚወስድ ሰው ግን ቦታውን፥ ዘመኑንና ተናጋሪውን ራሱ ማጣራት፥ ከዚያም በላይ ልማዱን ዛሬ የሚፈጽሙት ሰዎች ስለ ምን እንደሚፈጽሙት መጠየቅ ይገባዋል።