የጠርሙስ አጥር

የአበባ መደብን በተደፋ ጠርሙስ መክበብ እንደ አምቦ ላለ ከተማ ያምርበታል። አምቦ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕድን ውሃዋን በጠርሙስ ለአገር ስታጠጣ ኖራለች። ደህናው ጠርሙስ ተመልሶ ይሞላል፤ አፉ የተሸረፈው አበባ ይጠብቃል። በጎረቤቷ ጉደር ስም የሚጠራው ቀይ ወይን ጠርሙስም ጠቆር ያለ ቀለሙን ይጨምርበታል።

ወረቀቱ ተዘፍዝፎ ይላጣል። ጠርሙሱ አሸዋ ተሞልቶ፣ አንገቱ ወደ ታች ተደርጎ፣ እስከ ወገቡ ይቀበራል። ተጠጋግተው ሲደረደሩ የክረምት ጎርፍ አፈሩን አይጠርግም፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ወደ ላይ የዞረው መቀመጫቸው ያብረቀርቃል።

እግር ይቆርጥ የነበረ ስባሪ የግቢ ጌጥ ሆነ። ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ዓይን የሚያሳርፍ ሙያ ነውና፣ ለሚሠሩት ሁሉ እጃችሁ ይባረክ እላለሁ።